አንቲኦክሲዳንት ሴረሞች ቆዳን ከፀሐይ ጨረር ምን ያህል ይጠብቃሉ? ከፓተንቱ ማብቃት በኋላ የቀሩ ጥያቄዎች

የቫይታሚን ሲ፣ የቫይታሚን ኢ እና የፌሩሊክ አሲድ ቅንብርን ለሃያ ዓመታት ያህል ሲጠብቅ የቆየው የአሜሪካ የፈጠራ መብት፣ ማለትም ፓተንት፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ዘመኑ አብቅቷል። ቅንብሩ የመነጨው በሰሜን ካሮላይና የዱክ ዩኒቨርሲቲን የቆዳ ሕክምና ክፍል ሲመሩ ከቆዩት ከሐኪሙ ሼልደን ፒኔል ምርምር ነው። ስኪንሲውቲካልስ በተባለ ኩባንያ ስም ለገበያ ከቀረበና ኩባንያውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 የፈረንሳዩ ሎሬያል ከገዛው ወዲህ፣ ሠላሳ ሚሊ ሊትር ብቻ የምትይዘው ጠርሙስ በአሜሪካ ከ160 ዶላር በላይ የምትሸጥበት ደረጃ ላይ ደርሷል። ፓተንቱ በጸናበት ዘመን ለቅንብሩ የተጠጋ ምርት ያወጣ ተፎካካሪ ክስ ሊገጥመው ይችል ነበር፤ ሎሬያል እ.ኤ.አ. በ2018 ድራንክ ኤለፋንት የተባለውን ኩባንያ የከሰሰው በዚሁ መብት ሲሆን ጉዳዩም በስምምነት ተቋጭቷል። ከእንግዲህ ግን ማንኛውም አምራች በፓተንቱ ሰነድ ላይ የሰፈረውን መጠን እንዳለ ወስዶ ማምረት ይችላል።

ይህ ለውጥ የዋጋ ዜና ብቻ ተደርጎ ሲወራ ቢሰነብትም ከሥሩ ያለው ጥያቄ የጤና ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ፣ በውበት ሳሎኖችና በመዋቢያ መደብሮች «ቆዳን ከፀሐይ ይከላከላል» እየተባለ የሚሸጠው ሴረም፣ ማለትም በጠብታ የሚቀባ ፈሳሽ፣ የሚሠራው ሥራ ከሰንስክሪን ወይም ከፀሐይ መከላከያ ቅባት ሥራ በባሕርይው የተለየ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ሲቀር ብዙ ገዢዎች ሁለቱን ተተካኪ አድርገው ይወስዷቸዋል። አንቲኦክሲዳንቶች በርግጥ ምን እንደሚከላከሉ፣ ማስረጃው የት ድረስ እንደሚሄድና ከየት ጀምሮ እንደሚሳሳ መለየት የሚጠቅመው ውድ ጠርሙስ ለሚገዛ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ውስን ገንዘቡን በሁለት ምርቶች መካከል መምረጥ ላለበት ሰው ይበልጡን ነው።

ጨረሩ በቆዳ ውስጥ የሚያደርሰው ጉዳት

ከፀሐይ ተነሥቶ ምድር የሚደርሰው አልትራቫዮሌት ጨረር በሁለት ይከፈላል። ዩቪቢ የሚባለው የሞገድ ርዝመቱ ከ280 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው ክፍል ሲሆን፣ ዩቪኤ የሚባለው ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ እስከ 400 ናኖሜትር የሚዘልቀው ነው። ከጠቅላላው 95 ከመቶ ያህሉን የሚይዘው ዩቪኤ ነው። ዩቪቢ ጉልበተኛ ቢሆንም አብዛኛው የሚቀረው በላይኛው የቆዳ ሽፋን ላይ ሲሆን፣ እዚያው የሴሎችን ዲኤንኤ በቀጥታ በመምታት ሁለት ጎረቤት የዲኤንኤ ፊደላትን ያለ ቦታቸው ያጣብቃል። «ዳይመር» የሚባለው ይህ ጥብቀት በወቅቱ ካልተጠገነ ለቆዳ ካንሰር መነሻ የሚሆን ስህተት ይፈጥራል። የቆዳው መቅላትና መቃጠልም በዋናነት የዩቪቢ ውጤት ነው።

የዩቪኤ ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው በተዘዋዋሪ መንገድ ነው። ጨረሩ ወደ ውስጠኛው የቆዳ ሽፋን ጠልቆ ሲገባ በሴሎች ውስጥ ያሉ ብርሃን መጣጭ ሞለኪዩሎች ያገኙትን ጉልበት ለኦክስጅን ያስተላልፋሉ፤ ከዚህም ፍሪ ራዲካሎችና ሌሎች ንቁ የኦክስጅን ዓይነቶች ይወለዳሉ። ፍሪ ራዲካል ማለት ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘና ያንን ለማሟላት ካገኘው ሞለኪዩል ላይ የሚነጥቅ ቅንጣት ነው። ንጥቂያው የሴል ሽፋን ቅባቶችን ያበላሻል፣ ዲኤንኤን ያዛባል፣ ኮላጅንን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች በብዛት እንዲመረቱም ምልክት ይሰጣል። ኮላጅን ቆዳን ወጥሮ የሚይዘው ፕሮቲን ስለሆነ በዓመታት ውስጥ የሚከማቸው መሳሳት፣ መጨማደድና መርገብ ከዚህ ሂደት ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ሁሉ ቆዳው ሳይቀላና ሳያቃጥል ሊካሄድ ይችላል፤ ሰው ፀሐይ እንደጎዳው የሚያውቅበት ምልክትና ጉዳቱ ራሱ ሁልጊዜ አብረው አይመጡም።

ጉዳቱ ፀሐይ ላይ በተቆየበት ሰዓት ብቻ የማያበቃ መሆኑም ታውቋል። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ሜላኒን የሚያመርቱ ሴሎች ጨረሩ ከተቋረጠ በኋላም ለሰዓታት በጨለማ ውስጥ ዳይመር መፍጠራቸውን እንደሚቀጥሉ አሳይተዋል። በጨረሩ የተቀሰቀሱ ንቁ የኦክስጅንና የናይትሮጅን ዓይነቶች የሜላኒንን ክፍልፋዮች ሲያነቃቁ፣ እነዚህ ደግሞ ጉልበታቸውን ለዲኤንኤ ያስተላልፋሉ። ግኝቱ ክብደት የሚሰጠው ሰንስክሪን ይህንን ሁለተኛ ዙር ሊደርስበት ስለማይችል ነው። የሰንስክሪን ሥራ ጨረሩን ከመግባቱ በፊት መምጠጥ ወይም መመለስ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ የገባው ጨረር የጀመረውን ኬሚካላዊ ሰንሰለት የማቋረጥ አቅም የለውም።

የቆዳው የራሱ ጥበቃና ከውጭ የሚታከለው

ቆዳ ያለ መከላከያ አልተፈጠረም። ፍሪ ራዲካሎችን ወደ ጉዳት አልባ ውሁዶች የሚለውጡ ኢንዛይሞች አሉት፤ ከእነሱ ጎን ግሉታታዮን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ እና ሌሎች አንቲኦክሲዳንቶች ይሠራሉ። አንቲኦክሲዳንት ማለት ኤሌክትሮን ለነጣቂው ሞለኪዩል ሰጥቶ ንጥቂያውን የሚያስቆም፣ እሱ ግን በዚያ ምክንያት አደገኛ የማይሆን ውሁድ ነው። ቫይታሚን ኢ በቅባት ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ የሴል ሽፋንን ይጠብቃል፤ ቫይታሚን ሲ በውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ የሴሉን ውስጥና ዙሪያውን ይጠብቃል። ቫይታሚን ኢ ኤሌክትሮኑን ከሰጠ በኋላ ቫይታሚን ሲ መልሶ ያድሰዋል፤ ሁለቱ በአንድነት ሲቀቡ ለየብቻ ከሚሰጡት ጥቅም የላቀ ጥቅም የሚያሳዩትም በዚህ የመተዳደስ ግንኙነት ነው።

ችግሩ ክምችቱ ውስን መሆኑ ነው። ቆዳ ለአልትራቫዮሌት ጨረር በተጋለጠ ቁጥር የቫይታሚን ኢ እና የቫይታሚን ሲ መጠኑ ይቀንሳል። ሰው ከብዙዎቹ እንስሳት በተለየ ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ ማምረት ስለማይችል ሙሉ በሙሉ በምግብ ላይ ይመካል፤ በምግብ ወይም በክኒን የሚወሰደው መጠን ሲጨምር ደግሞ አንጀት የሚቀበለው ድርሻ እያነሰ ኩላሊትም ትርፉን እያስወገደ ስለሚሄድ፣ ብርቱካን በብዛት በመብላት በቆዳ ውስጥ ያለውን መጠን ከተወሰነ ጣሪያ በላይ ማሳደግ አይቻልም። ከውጭ የመቀባት ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው።

ቫይታሚን ሲን በቆዳ ውስጥ ማሳለፍ ግን ቀላል አይደለም። የላይኛው የቆዳ ሽፋን ውሃ ወዳድና ኤሌክትሪካዊ ሙል ያለውን ሞለኪዩል አያስገባም፤ ፒኔልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2001 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረጉት ጥናት እንደታየው፣ ቫይታሚን ሲ በሚገባው መጠን የሚያልፈው የፈሳሹ አሲዳማነት ፒኤች 3.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ሞለኪዩሉ ኤሌክትሪካዊ ሙሉን ስለሚያጣ መንገድ ያገኛል። ክምችቱ እስከ 20 ከመቶ ድረስ ሲጨምር ወደ ቆዳ የሚገባው መጠን ያድጋል፤ ከዚያ ያለፈ ግን መልሶ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የገባው ቫይታሚን ደግሞ በቶሎ አይጠፋም፣ ግማሹ ለመጥፋት አራት ቀን ያህል ይፈጅበታል። በዚሁ ጥናት ማግኒዥየም አስኮርቢል ፎስፌትና አስኮርቢል ፓልሚቴት የተባሉት የቫይታሚን ሲ ተዋጽኦዎች በቆዳ ውስጥ ያለውን የቫይታሚን ሲ መጠን አላሳደጉም፤ ይሁንና ቆዳን ስለማይቆጠቁጡና ስለማይበላሹ ብቻ ዛሬም በብዙ ምርቶች ላይ «ቫይታሚን ሲ» ተብለው ይሸጣሉ። ገዢው ጠርሙሱ ላይ ካለው ትልቅ ጽሑፍ ይልቅ ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን የኬሚካል ስም እንዲያነብ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው አባል ፌሩሊክ አሲድ በስንዴ፣ በበቆሎ፣ በሩዝ ገለባና በመሳሰሉት እህሎች የሴል ግድግዳ ውስጥ የሚገኝ ውሁድ ነው። ወደ ቅንብሩ የገባው መጀመሪያ ሁለቱን ቫይታሚኖች ከመበላሸት ለማቆየት ሲሆን፣ ራሱም አንቲኦክሲዳንት ነው፤ የተወሰነ የዩቪቢ ጨረርንም ይመጥጣል። ሰንስክሪን ጣሪያ ቢሆን አንቲኦክሲዳንት በሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ ባልዲ ነው፤ ጣሪያው በሌለበት ቤት ባልዲው የሚይዘው ውሃ ከሚገባው ጋር አይመጣጠንም።

ማስረጃው የት ድረስ ይሄዳል?

የፒኔል ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት 15 ከመቶ ቫይታሚን ሲ እና 1 ከመቶ ቫይታሚን ኢ በአሳማ ቆዳ ላይ ለተከታታይ ቀናት ከተቀባ በኋላ ከመቅላት አራት እጥፍ ያህል ጥበቃ መስጠቱን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ ግማሽ ከመቶ ፌሩሊክ አሲድ ሲታከል ጥበቃው ወደ ስምንት እጥፍ ገደማ ማደጉን አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ2008 በሰዎች ላይ በተደረገ ጥናትም ቅንብሩ የተቀባው ቆዳ መቅላቱ ቀንሶ፣ የዳይመሮችም ቁጥር አንሶ ተገኝቷል። በመርሕ ደረጃ ነገሩ እንደሚሠራ እነዚህ ውጤቶች በቂ ምልክት ይሰጣሉ፤ ወደ ቆዳ የገባ አንቲኦክሲዳንት የጨረርን ጉዳት ይቀንሳል ማለት የማስታወቂያ ፈጠራ አይደለም።

የማስረጃው ድክመት ያለው በሌላ ቦታ ነው። በሰዎች ላይ የተደረጉት ጥናቶች የተሳታፊ ቁጥራቸው ጥቂት፣ ጊዜያቸውም በቀናት የሚቆጠር ነው። ጨረሩ የሚመጣው ከላቦራቶሪ መብራት ሲሆን፣ የሚለካው በቀጣዩ ቀን የሚታየው መቅላት ወይም በትንሽ የቆዳ ናሙና ላይ የሚቆጠረው ጉዳት ነው። ጥናቶቹን ያካሄዱትም በብዛት የምርቱ ፈልሳፊዎች ወይም ከአምራቹ ጋር ግንኙነት ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው። ይህ ግንኙነት ውጤቱን ሐሰት አያደርገውም፣ ገለልተኛ ድግግሞሽ ግን ይጠይቃል። ከሁሉ በላይ፣ ሴረሙን ለዓመታት የተቀባ ሰው ካልተቀባ ሰው ያነሰ የቆዳ ካንሰር እንደሚይዘው ያሳየ ትልቅ ሙከራ የለም።

ለሰንስክሪን ግን እንዲህ ያለ ሙከራ አለ፤ ከዚያም አልፎ ሰንስክሪንንና አንቲኦክሲዳንትን ጎን ለጎን ፈትኗል። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት በምትገኘው ናምቡር ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ 1,621 ነዋሪዎች በዕጣ ተመድበው፣ አንዳንዶቹ በየቀኑ ሰንስክሪን እንዲቀቡ አንዳንዶቹ እንደ ልማዳቸው እንዲቀጥሉ፣ እንዲሁም አንዳንዶቹ በየቀኑ 30 ሚሊ ግራም ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት ሌሎቹ ደግሞ መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን እንዲወስዱ ተደረገ። ከአራት ዓመት ተኩል በኋላ በየቀኑ ሰንስክሪን የተቀቡት ሰዎች ስኳመስ ሴል የተባለው የቆዳ ካንሰር ዕጢ ብዛት በ40 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ተከታይ ዘገባም የቆዳቸው እርጅና ከሌሎቹ በ24 ከመቶ ያነሰ መሆኑን ገለጸ። ቤታ ካሮቲን ግን ለካንሰሩም ለእርጅናውም የፈየደው ነገር አልታየም።

በክኒን የሚወሰዱ አንቲኦክሲዳንቶች ታሪክ ከዚህም የከፋ ማስጠንቀቂያ አለው። በፊንላንድ ከ29,000 በላይ አጫሾችን ያሳተፈውና እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው ሙከራ ቤታ ካሮቲን የወሰዱት ሰዎች የሳንባ ካንሰር በ18 ከመቶ ጨምሮ እንደተገኘ አሳይቷል። በፈረንሳይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የቆዳ ካንሰር ውጤቱ የወጣው ሌላ ሙከራ ደግሞ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ቤታ ካሮቲን፣ ሴሌኒየምና ዚንክ የያዘ ክኒን የወሰዱ ሴቶች ከሌሎቹ ይበልጥ በቆዳ ካንሰር መያዛቸውን መዝግቧል። የተዋጠ ክኒንና የተቀባ ሴረም አንድ ባለመሆናቸው እነዚህን ውጤቶች በቀጥታ ወደ ሴረሙ ማዞር ተገቢ አይሆንም። ሆኖም «አንቲኦክሲዳንት ስለሆነ ቢበዛም አይጎዳም» የሚለውን የተለመደ እምነት ያፈርሳሉ፤ ሰውነት ፍሪ ራዲካሎችን ለምልክት ማስተላለፊያም ሆነ የታመሙ ሴሎችን ለማስወገጃ ስለሚጠቀምባቸው ሙሉ በሙሉ ማፈን ሁልጊዜ ጥቅም አይሆንም።

ከአንቲኦክሲዳንቶቹ ጋር አብሮ የሚነሣው ኒኮቲናማይድ የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ሲሆን የሚሠራው በዋናነት ለሴሉ የዲኤንኤ ጥገና የሚሆን ጉልበት በማቅረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአውስትራሊያ ቀደም ሲል የቆዳ ካንሰር በያዛቸው 386 ሰዎች ላይ የተደረገው ሙከራ በቀን ሁለት ጊዜ 500 ሚሊ ግራም መውሰድ አዳዲስ ካንሰሮችን በ23 ከመቶ መቀነሱን ያሳየ ሲሆን፣ መውሰዱ ሲቆም ጥቅሙም አብሮ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአካል ንቅለ ተከላ በተደረገላቸው ሰዎች ላይ የታተመው ሙከራ ግን ተመሳሳይ ጥቅም አላገኘም።

መለኪያው የሚደብቀው ነገር

በሰንስክሪን ጠርሙስ ላይ የሚታተመው ኤስፒኤፍ የተባለው ቁጥር የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ምርቱ የተቀባው ቆዳ እስኪቀላ ድረስ የሚፈጀው የጨረር መጠን ካልተቀባው ጋር ሲነጻጸር ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። ምርመራው የሚካሄደው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሚሊ ግራም ተቀብቶ ሲሆን ሰዎች በዕለት ኑሯቸው የሚቀቡት በአብዛኛው ከዚህ ግማሽ ወይም ከግማሽ በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በእንግሊዝ ከቀዶ ሕክምና በተገኘ የሰው ቆዳ ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከፍተኛ ቁጥር ያላቸው ሰንስክሪኖች በሙሉ መጠን ተቀብተው እንኳ በዩቪኤ የሚፈጠሩትን ፍሪ ራዲካሎች የቀነሱት በ55 ከመቶ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የአንቲኦክሲዳንት ደጋፊዎች ጠንካራው መከራከሪያ ይህ ነው፤ መቅላትን በሠላሳ እጥፍ የሚያዘገይ ቅባት ፍሪ ራዲካሎችን በሠላሳ እጥፍ አይቀንስም።

የመለኪያው ድክመት ግን በሌላም አቅጣጫ ይሠራል። አንቲኦክሲዳንቶችና ብግነትን የሚያስታግሱ ውሁዶች ጨረሩ ሳይቀንስ መቅላቱን ብቻ ሊቀንሱ ይችላሉ። አምራች እንዲህ ያለውን ውሁድ በሰንስክሪኑ ውስጥ ቢጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ወደ ቆዳ የሚያልፈው ጨረር ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ ተጠቃሚውም ለመጠለል የሚያነቃውን የማቃጠል ምልክት ያጣል። አንድ ሴረም «የመቅላት ጥበቃን ስምንት እጥፍ ያደርጋል» ሲባል ይህ ስምንት በሰንስክሪን ላይ ከሚታየው ኤስፒኤፍ 8 ጋር እኩል ተደርጎ የማይወሰደው ለዚህ ነው።

ሕጉም ክፍተቱን አይደፍንም። በአሜሪካ ሰንስክሪን በምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ዘንድ ያለ ሐኪም ማዘዣ የሚሸጥ መድኃኒት ተደርጎ ሲቆጠር አንቲኦክሲዳንት ሴረም ግን መዋቢያ ነው፤ መዋቢያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት ማረጋገጥ አይጠበቅበትም። አምራቾች «ጉዳትን ይከላከላል» ሳይሆን «ከአካባቢ ተጽዕኖ የሚመጣን የእርጅና መልክ ለመቀነስ ይረዳል» የሚሉ አረፍተ ነገሮችን የሚመርጡት ከዚህ መስመር ላለማለፍ ነው። በአውሮፓ ኅብረት በአንጻሩ ሰንስክሪን ራሱ በመዋቢያ ሕግ ሥር ነው።

ፓተንቱ ያስከፈተውና ያላስከፈተው

ፓተንት ሲያበቃ ቀመሩ ነፃ ይወጣል። ጥሬ ዕቃዎቹ ውድ አይደሉም፤ ንጹሕ አስኮርቢክ አሲድ በብዙ ቶን የሚመረት፣ ለምግብ ማቆያም የሚውል ዱቄት ነው። ስለዚህ በዋጋ ረገድ ጠንካራ ፉክክር መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በተግባርም ፓተንቱ ከማብቃቱ በፊት ጭምር ፒኤቹን ወይም ማሟሟያውን ለወጥ አድርገው በብዙ እጥፍ ባነሰ ዋጋ የሚሸጡ ምርቶች ነበሩ።

አስቸጋሪው ክፍል ግን ቀመሩ ሳይሆን የቅንብሩ አለመርጋት ነው። በውሃ ውስጥ የሟሟ ቫይታሚን ሲ ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ኦክሲዴሽን ይጀምረዋል፤ መጀመሪያ ቀለም አልባ ወይም ቀላል ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ወደ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ጠርሙሱ ጠቆር ባለ መስተዋት የሚሠራው ለዚህ ነው። የማንጠባጠቢያው ክዳን በተከፈተ ቁጥር አዲስ አየር ስለሚገባ፣ በትክክል የተመረተ ምርት እንኳ ከተከፈተ በኋላ ዕድሜው በወራት የተገደበ ነው። ጥሬ ዕቃው ምን ያህል ንጹሕ እንደሆነ፣ ከብረት ብናኝ ምን ያህል እንደጸዳ፣ ሲሞላ ከኦክስጅን እንዴት እንደተጠበቀና በየትኛው መጋዘን ስንት ወር እንደተቀመጠ በፓተንቱ ሰነድ ውስጥ አይገኝም። ሁለት አምራቾች አንድ ዓይነት መቶኛ ጽፈው አንዱ ሕያው ሌላው ግማሹ የሞተ ፈሳሽ ሊሸጡ ይችላሉ፤ ገዢው ያለው ብቸኛ መፈተኛ ዓይኑ ነው። ምርቱ ከመነሻው ቀለም ከተጨመረበት ደግሞ ያንንም ያጣል።

ጥቁር ቆዳ፣ ደጋ አገርና የኢትዮጵያ ገበያ

የተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ የተደረጉት በነጭ ቆዳ ላይ ወይም ነጭ ቆዳን ታሳቢ አድርገው ነው። ሜላኒን ራሱ ጨረርን የሚመጥጥና ፍሪ ራዲካሎችን የሚይዝ የተፈጥሮ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገ የታወቀ ልኬት በጥቁር ሰዎች የላይኛው የቆዳ ሽፋን የሚያልፈው ዩቪቢ 7 ከመቶ ገደማ፣ ዩቪኤ ደግሞ 17 ከመቶ ገደማ ሲሆን፣ በነጮች በቅደም ተከተል ወደ 24 እና 55 ከመቶ ደርሷል። ይህ ልዩነት ጥቁር ቆዳ በካንሰር የሚጠቃበትን ዕድል በእጅጉ የሚቀንስ ቢሆንም ዩቪኤ ምንም ጉዳት አያደርስም ማለት አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ በአንድ ሺህ ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የቀትር ጨረር ለምድር ወገብ መቅረቧ ተጨምሮበት ከባድ ከሚባሉት ተርታ ነው።

በዚህ አካባቢ ያለው ዋነኛ አቤቱታ ግን መጨማደድ ሳይሆን ማድያትና ብጉር ትቶት የሚሄደው ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ማድያትን የሚያባብሰው አልትራቫዮሌት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በዓይን የሚታየው ብርሃንም ጠቆር ያለ ቆዳን ለሳምንታት የሚቆይ ጥቁረት እንደሚሰጠው፣ በፈዛዛ ነጭ ቆዳ ላይ ግን ይህ እንደማይከሰት አረጋግጧል። የተለመደ ሰንስክሪን የሚታየውን ብርሃን አያግድም፤ የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተባለው ቀለም ያለበት ከቆዳ ቀለም ጋር የሚመሳሰል ሰንስክሪን ነው። ማድያት ላለባት ሴት ስለዚህ ይህንን ዓይነት ሰንስክሪን ማስቀደም ከማናቸውም ሴረም ይልቅ ምክንያታዊ ነው። ቫይታሚን ሲ የሜላኒን ምርትን የሚያዘገይ ባሕርይ ስላለው በደጋፊነት ሊታከል ይችላል፤ በቀን ብርሃን ያልተጠበቀ ቆዳ ላይ ግን ብቻውን ብዙ አይራመድም።

ሁለት የተሳሳቱ አቋራጮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው ሎሚን በፊት ላይ መጭመቅ ነው። የሎሚ ጭማቂ የቫይታሚን ሲ ይዘት በመቶ ግራም 50 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ማለትም 0.05 ከመቶ ሲሆን፣ 15 ከመቶ የሚይዘው ሴረም ከዚህ 300 እጥፍ ይበልጣል። በተጨማሪም በሎሚና በዘመዶቹ ልጣጭና ጭማቂ ውስጥ ያሉት ፉሮኩማሪን የተባሉ ውሁዶች ከዩቪኤ ጋር ሲገናኙ ቆዳን አቃጥለው ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ሊተዉ ይችላሉ፤ ለመከላከል ተብሎ የተቀባው ጉዳቱን ይጠራል። ሁለተኛው አንቲኦክሲዳንት ነው በሚል ሽፋን ለቆዳ ማንጣት የሚሰጠው የግሉታታዮን መርፌ ሲሆን፣ ከፀሐይ ጉዳት ይጠብቃል የሚያሰኝ ማስረጃ ሳይኖረው የደም ሥር መርፌ የሚያስከትለውን አደጋ ሁሉ ይዞ ይመጣል።

በኢትዮጵያ መዋቢያን የመቆጣጠር ሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተሰጠ ቢሆንም፣ ብዙው ሴረም የሚገባው በተጓዦች ሻንጣ ነው። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ተነሥቶ በሞቃት መጋዘንና በመስኮት ሥር መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ጠርሙስ፣ ሐሰተኛ ባይሆን እንኳ፣ ሲገዛ ይዘቱ ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው በታች የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ጉዳዩ እጅግ የሚከብደው አልቢኒዝም ላለባቸው ዜጎች ነው። ሜላኒን ስለሌላቸው ወይም እጅግ ስለሚያንሳቸው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ለቆዳ ካንሰር የተጋለጡ ናቸው፤ ለእነርሱ ሰንስክሪን መዋቢያ ሳይሆን ሕይወት አድን መድኃኒት ነው። በታንዛኒያ ሞሺ ከተማ ኪሊሰን የተባለ ሰንስክሪን በአገር ውስጥ እየተመረተ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች እየታደለ መሆኑ ሥራው በአፍሪካ አቅም ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። የመንግሥትም ሆነ የለጋሽ ገንዘብ ለቆዳ ጥበቃ ሲመደብ ቅድሚያው ለማን እንደሆነ እዚህ ላይ ሊያከራክር አይገባም፤ ባርኔጣ፣ ረጅም እጀታ፣ ጥላና ሰንስክሪን ሳይሟሉ ስለ ሴረም ማውራት ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

በቀጣዮቹ ዓመታት ሦስት አቅጣጫዎች ይታያሉ። በጣም የሚጠበቀው የሴረሙ ዋጋ ወርዶ ጥራቱ የሚለያይበት ገበያ ነው፤ በዚህ ሁኔታ አቅም ያላቸው አምራቾች አየር በማያስገባ ማሸጊያና በመጋዘን ሙቀት ቁጥጥር ሲለዩ፣ ቀሪው መቶኛ በመጻፍ ብቻ ይሸጣል። ሁለተኛው አንቲኦክሲዳንቱ በሰንስክሪኑ ውስጥ መቀላቀሉ ነው። ለተጠቃሚ አንድ ጊዜ ብቻ መቀባት ስለሚበቃው ምቹ ነው፤ ይሁንና ለቫይታሚን ሲ የሚያስፈልገው ጠንካራ አሲዳማነት ከብዙ የሰንስክሪን ማጣሪያዎች፣ በተለይም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ስለማይስማማ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጨመረው ለስም ያህል የሆነ መጠን ነው። የመለኪያው ክፍተትም እዚህ ላይ ጎልቶ ይመጣል፤ ተቆጣጣሪዎች ከመቅላት ሌላ ወደ ቆዳ የሚያልፈውን ጨረር በመሣሪያ የሚለካ መመዘኛ ግዴታ ካላደረጉ በስተቀር፣ መቅላትን በማስታገስ የተገኘ ቁጥር ጨረርን በማገድ ከተገኘው ጋር ተደባልቆ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ዋናውን ጥያቄ፣ ማለትም በየቀኑ የሚቀባ አንቲኦክሲዳንት በሰንስክሪን ላይ ተጨምሮ ካንሰርንና እርጅናን ይቀንሳል ወይ የሚለውን፣ እንደ ናምቡሩ ባለ የብዙ ዓመት ሙከራ መመለስ ነው። ይህ ከሦስቱ በጣም አስፈላጊው ሆኖ ሳለ በጣም የማይጠበቀውም ነው። ፓተንቱ በጸናበት ጊዜ ለጥናት ገንዘብ የሚያወጣ ባለቤት ነበረ፤ ያ ባለቤት ያደረጋቸው ጥናቶች አነስተኛ ቢሆኑም ዛሬ ስለ ቅንብሩ የሚታወቀው አብዛኛው ከእነርሱ የተገኘ ነው። አሁን ቀመሩ የሁሉም ስለሆነ፣ ሚሊዮኖች የሚፈጅ ሙከራ የሚያካሂድ ኩባንያ ውጤቱን ከተፎካካሪዎቹ ሁሉ ጋር መካፈሉ አይቀርም፤ ስለዚህም የሚያካሂድበት የንግድ ምክንያት የለውም። የናምቡር ሙከራ የተቻለው በሕዝብ የምርምር ገንዘብ በመደገፉ ሲሆን፣ የሴረሙ ጥያቄም መልስ የሚያገኘው ተመሳሳይ ገንዘብ የሚመድብ የሕዝብ ተቋም ከተገኘ ነው።